ከባርኔጣው የወጣው ዕጣ

ኮልፌ፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን

ውድ ሉሲ፣

ለመላው የጉልላት ቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለእድርተኛና ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ የሚከተለውን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአያትሽን ራሰ በራ ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከቁራ ኩስ ሲጠብቅ የኖረው ግራጫ ባርኔጣ፣ በደረሰበት ድንገተኛ መቀደድ ዛሬ ጠዋት ከአገልግሎት ተሰናብቷል። ሟች ባለትዳር አልነበረም። አያትሽ ብርቅዬ ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ «ለመስኮት መወልወያ ይሆናል» ብላ መቀስ ይዛ ቆማለች።

ሳቅሽ አይደል? ሳቂ። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ፊትሽ እንደሚለወጥ ስለማውቅ ሳቁን ቀድሜ ልውሰደው ብዬ ነው። መቼም ቀድሞ መውሰድ አመሌ ሆኗል።

የባለፈውን እሁድ ጥያቄሽን አልረሳሁም። በስልክ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «አባባ፣ በባርኔጣህ ዕጣ ጣልልኝ። ለጁወይሪያ ልጻፍላት ወይስ ልተዋት? እንደወጣው አደርጋለሁ» አልሽኝ። እኔም «እሺ፣ በደንብ ነቅንቄ እጥለዋለሁ» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የጠየቅሁሽ የድሬዳዋን ሙቀት ነው። ሦስተኛው ላይ አያትሽ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሜትሮሎጂ ተቀጠርክ እንዴ?» አለችኝ። ዋናውን ነገር በስልክ ማውጣት አቃተኝ። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት በመሃል ገብቶ «ምን አልክ?» አይልም። የሚያደርስልሽ ጋዲሳ ነው፤ ያ ጭነት እየጫነ ድሬዳዋ የሚመላለሰው፣ ሲስቅ ጥርሱን አንድ ሳያስቀር የሚያሳየው ሾፌር።

ዕጣውን አልጣልኩትም። ለምን እንዳልጣልኩት ልንገርሽ።

በቤታችን ባርኔጣዬ ያልፈታው ክርክር አልነበረም። መኪና ውስጥ ከፊት ማን ይቀመጥ? ዕጣ። የዶሮው ክንፍ ለማን? ዕጣ። ቡችላው አንቺ እንዳልሽው «ቡኒ» ይባል ወይስ ወንድምሽ ብሩኬ እንዳለው «አንበሳ»? ዕጣ፤ ያ ከድመት የሚሸሽ ፍጥረት እስከ ዛሬ አንበሳ እየተባለ ይኖራል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ዕጣ የእግዜር አፍ ነው፤ ከወጣ በኋላ ማጉረምረም የለም።» አባትሽ ይስቅበታል፣ እናትሽ ትታገሰዋለች፣ ወንድምሽ ያለቅስበታል። ከልብሽ የምታምኚው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ሐምሌ ላይ አባትሽ ወደ ድሬዳዋ መዛወሩን ነገረን። ከዚያ እናትሽ፣ «ከመሄዳችን በፊት ሁላችንም አራት ቀን አብረን እንረፍ። ቢሾፍቱ አዲስ የመጫወቻ ፓርክ ተከፍቷል ይላሉ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የጉዞ ወኪል ቢሮ መሰለ። እናትሽ ሔለን ከስልኳ ላይ የሆቴል ፎቶ ታሳያለች፤ ያደሩ ሰዎች የጻፉትን ጮክ ብላ ታነባለች። አንዱ «ትራሱ ደመና ነው» ይላል። ሌላው ስለዚያው ትራስ «አንገቴን ይዞኝ ተመለስኩ» ይላል። በሳምንቱ ሁለት ሆቴል ቀረ።

«የሐይቁ ሪዞርት ስፓ አለው፣ ስቲም አለው፣ በረንዳው ውሃው ላይ ነው። ለቁርስ ብቻ አርባ ዓይነት ምግብ ይደረደራል» አለች እናትሽ።

«አርባ? የምንፈታው ፍልሰታን ነው እንጂ የሰባት ዓመት ረሃብ ነው እንዴ?» አለች ብርቅዬ። ዓይኗ ግን በስቲሙ ፎቶ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ፓርኩ ውስጥ ያለው ሆቴል ክፍሉ ጠበብ ይላል» አለ አባትሽ። «ግን ልጆቹ ከአልጋ ሲወርዱ ስላይዱ ላይ ናቸው። እዚያ ያደረ እንግዳ ደግሞ በሩ ለሌላው ሰው ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባል።»

«በእኛ ጊዜ ቤርጎ የሚመረጠው በአንድ ነገር ብቻ ነበር» አልኩ።

«በምን?» አለ ብሩኬ።

«በትኋን። ትልልቁ ያለበትን ትተን ትንንሹ ያለበት እንገባለን።»

«አባዬ፣ እባክዎ! ልጁ አልሄድም ይለኛል» አለች ሔለን ሳቋን እየዋጠች።

እናትሽና አያትሽ ለሐይቁ፣ አንቺና ብሩኬ ለፓርኩ እጃችሁን አወጣችሁ። አባትሽ አብርሽ «እኔ ሾፌር ነኝ፤ ወደተባልኩበት እነዳለሁ» ብሎ አመለጠ። ሁለት ለሁለት ሲሆን በቤታችን ደንብ ትልቅ ሰው ይቆርጣል። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያንቺ ዓይን ምን እንደሚለኝ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አላስፈለገኝም። ጎረቤቶቻችን እነጀይሉ፣ የጁወይሪያ ቤተሰቦች፣ በአንቺ ቃል ተማምነው ፓርኩ ውስጥ ክፍል ከያዙ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። አንቺና ጁወይሪያ መዳህ ከጀመራችሁበት ቀን አንስቶ በአጥሩ ቀዳዳ ስትተያዩ ያደጋችሁ ናችሁ፤ ካንቺ ጋር የምታሳልፈው የመጨረሻ አራት ቀን ነው።

የእኔም የመጨረሻ አራት ቀን ነበር። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለታችሁ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላችሁ ፕሮግራም ስታወጡ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጎመን እያጠጣሁ ነበር። በክረምት ጎመን የሚያጠጣ ሽማግሌ በእውነት ምን እያደረገ እንደሆነ አንቺው ገምቺ። ጠዋት ትልቁ ስላይድ፣ ያ በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚወርድበት። ቀጥሎ የሚሽከረከረው። ምሳ አብሮ። ከምሳ በኋላ እንደገና ትልቁ ስላይድ። ሲመሽ እሷ ክፍል ፊልም። አራቱንም ቀን በየሰዓቱ ሞላችሁት። ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ተጠራ።

«አባባ ቦርሳችንን ይጠብቅልናል» አልሽ።

ልጄ፣ ጥፋት አልነበረብሽም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጓደኛዋን ትመርጣለች፤ አያቷን ካልመረጠች ተብሎ አይፈረድባትም። እኔ ግን ጎመኑን አጥለቅልቄ ቆሜ ቀረሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ከቤቱ ልጆች ዳማ የምታሸንፈኝ፣ ስዋሽ ከአፌ ቀድማ የምትስቅብኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ልትሄጂ፣ እኔ ደግሞ የቦርሳ ዘበኛ። መረረኝ። በአንዲት ሕፃን ቀናሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሐይቁን በአፌ ብመርጥ ታኮርፊኛለሽ። ስለዚህ እግዜርን ልላክ አልኩ።

«እኔ አልቆርጥም፤ ባርኔጣው ይቁረጥ» ብዬ ከሒሳብ ደብተርሽ አንድ ገጽ ቀድጄ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ላይ ስጽፍ «ሐይቁ» አልኩ፤ የጻፍኩትም ሐይቁ ነው። ሁለተኛው ላይ ስጽፍ «ፓርኩ» አልኩ። የጻፍኩት ግን አሁንም ሐይቁ ነበር።

እጅሽን ከመክተትሽ በፊት ዓይንሽን ጨፍነሽ ከንፈርሽን አንቀሳቀስሽ። እየጸለይሽ ነበር። ያኔ ማቆም እችል ነበር፤ «ቀልዴን ነው» ማለት ይበቃ ነበር፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ማንም አይገርመውም። ዝም አልኩ። አወጣሽ፣ ገለጥሽ፣ አነበብሽ።

«ሌላኛውን አሳየኝ! ፓርኩ የሚለውን አሳየኝ!» ብሎ ብሩኬ ዘሎ ክንዴን ያዘኝ። ወረቀቱን ከባርኔጣው አወጣሁና አፌ ውስጥ ከተትኩት። አኝኬ ዋጥኩት። «የተሸነፈ ዕጣ ይበላል፤ የጥንት ሕግ ነው» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ብቻ አልሳቅሽም። ያወጣሽውን ወረቀት አጣጥፈሽ ስልክሽ ሽፋን ውስጥ ከተትሽና፣ «እግዜር ካለ ይሁን፣ አባባ» አልሽኝ።

በማግስቱ ስልክሽን ይዘሽ መጣሽ። ለጁወይሪያ ዕጣ ወጥቶ እንደቀራችሁ ጽፈሽላት፣ እሷ የመለሰችልሽ አንድ መስመር ነበር። «ለጓደኛ ዕጣ ይወጣል?» ይላል። «ምን ልበላት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ዕጣ ዕጣ ነው በያት» አልኩሽ። እንዳልኩሽ ጻፍሽላት። ከዚያ በኋላ አልመለሰችም።

ሪዞርቱ ድሎት አልጎደለውም፤ አልዋሽም። ፎጣውን እንደ ዳክዬ አጣጥፈው አልጋ ላይ ያስቀምጣሉ። አያትሽ ዳክዬውን ማፍረስ አሳዝኗት አራት ቀን ሙሉ ከቤት ባመጣችው ፎጣ ሰውነቷን አደረቀች። የቁርሱን አርባ ዓይነት ቆጠርኩት፤ ሠላሳ አንድ ነው። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ግን ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ የትልቁ ስላይድ ቀይና ቢጫ ጫፍ። አንቺ ወንበርሽን ወደዚያ አዙረሽ ትቀመጪ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አባትሽ የመኪናውን ቁልፍ እያንሿሿ ገባ። «የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ተነሱ፣ ለቀን ልውሰዳችሁ» አለ። ጫማሽን ከእሱ ቃል ቀድመሽ አሰርሽ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ጉልበቴን ያዝኩ።

«እናንተ ሂዱ» አልኩ። «እኔ ብቻዬን እሆናለሁ። ይቺ ጉልበቴ ትንሽ... ግዴለም፣ ሂዱ።»

ሂዱ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንዲሄዱ፣ አንዱ እንዲቀሩ። የእኔ የትኛው እንደነበር አሳምረሽ ገባሽ። እናትሽና አያትሽ ስቲም ገብተዋል። ጫማሽን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ማሰሪያውን ፈታሽ። «ከአባባ ጋር እቀራለሁ። ነገ እሄዳለሁ» አልሽ። በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ፣ ስላይዶቹም ተዘጉ። በአራተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስን።

ያን ቀን ጉልበቴን በቅባት አሸሽልኝ። ጉልበቴ ደህና ነበር። በውሃ ጠርሙስ ክዳን ዳማ ተጫወትን። ሦስት ጊዜ አሸነፍሽኝ፤ አራተኛውን ለቀቅሽልኝ፤ ያላየሁ መሰለሽ። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ፤ እኔ ጋቢዬን አልብሼሽ ወፎቹን ስቆጥር ዋልኩ። የሚያሳፍረኝ ማታለሌ ብቻ አይደለም፣ ሉሲ። ያ ቀን ደስ ማለቱ ነው። በዕድሜዬ ካየኋቸው ጥሩ ቀኖች አንዱ ነው። የሰረቅሁት ነው፤ ልመልሰውም አልችልም።

ያን ቀን ከአባትሽ ጋር የሄደው ብሩኬ ፓርኩ ውስጥ ጁወይሪያን ሲያገኛት፣ «ሉሲ ሆቴሉን ወዳ ቀረች፤ ዳማ እየተጫወተች ነው» ብሏታል። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያየውን ተናገረ። ጳጉሜን ሁለት ቀን ዕቃችሁ ተጭኖ ስትሄዱ የነጀይሉ በር ዝግ ነበር። አንቺ በመኪናው መስኮት ያን በር እያየሽ ሄድሽ። እኔ እጄን እያውለበለብኩ ነበር፤ አላየሽኝም።

እንግዲህ ባለፈው እሁድ «ዕጣ ጣልልኝ፣ እንደወጣው አደርጋለሁ» ስትዪኝ እጄ ለምን እንደተያዘ ገባሽ። ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ ባርኔጣዬን አድርጌ እነጀይሉ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ራሱ ጀይሉ ነው።

«ጉልላት! ዛሬ ደግሞ ምን ሰርቀህ መጣህ?» አለኝ። መሰላል ተውሼ ስለማልመልስ ሁልጊዜ የሚለኝ ነው።

«የልጅህን ልጅ ጓደኛ» አልኩት።

ሳቀ። ጁወይሪያ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ባርኔጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ አጥሩን፣ ሁለቱን ወረቀት፣ ጉልበቴን። እርሳሷን እንደያዘች አዳመጠችኝ።

«አባባ ጉልላት፣ ሉሲ ናት የላከችዎት?»

«አይደለችም። መምጣቴንም አታውቅ።»

«እርስዎ ሁልጊዜ ይቀልዳሉ። ባለፈው ረመዳን ‹ፀሐይዋ ዛሬ አትጠልቅም፣ በሬዲዮ ተነግሯል› ብለው ወንድሜን ኢህሳንን አስለቅሰውታል።»

«እሱ ቀልድ ነው። ይሄ እውነት ነው።»

«እሺ፣ ሌላኛው ወረቀት የታለ?»

«በላሁት።»

ጀይሉ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ያስቀብረኛል!» ይላል ዓይኑን እየጠረገ። ጁወይሪያ አልሳቀችም።

«ስላይዱ ለሁለት ሰው ነው» አለችኝ ደብተሯን እያየች። «ብቻዬን አላስወጣ አሉኝ። የኢህሳን ቁመት አልደረሰም፤ እማዬ ደግሞ ትፈራለች። ሁለት ቀን ደረጃው ሥር ቆሜ የሚወጡትን አየሁ። ብሩኬን ሳየው ሉሲ ከኋላው ያለች መስሎኝ ሮጬ ጎማ ይዤ ነበር።»

ከዚያ ወደ ቤት ሥራዋ ጎንበስ አለች። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። ሰባ አራት ዓመት ስዋሽ ያላመነኝ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን እውነት ይዤ ብሄድ የሚቀበለኝ አጣሁ።

እራት ላይ ለአያትሽ ነገርኳት። የጎረሰችውን እንኳ አላቆመችም። «አውቄያለሁ» አለችኝ። «ከስቲም ስንመለስ ሉሲ የምታሽልህ ግራውን ነበር፤ ማታ የምታነክሰው በቀኙ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትናገር ልይህ ብዬ። ሦስት ወር ፈጀብህ።»

ስለዚህ ልጄ፣ ዕጣ አልጥልልሽም። ለጓደኛ ዕጣ አይወጣም፤ ጁወይሪያ ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች። ብትጽፊላትም ባትጽፊላትም ከራስሽ ይሁን። ለአባትሽና ለእናትሽ ይህን ደብዳቤ አሳዪያቸው፤ አትሸፍኚኝ፤ እንደማውቅሽ ልትሸፍኚኝ ትፈልጊያለሽ። እኔን ደግሞ ይቅር ለማለት አትቸኩዪ። ተቆጪኝ። ስደውል አታንሺ። አንድ ሁለት ጊዜ ዝም ብትዪኝ ይገባኛል፤ ሦስተኛው ላይ ግን አንሺው፣ የድሬዳዋን ሙቀት አልጠይቅሽም። ዳግመኛ ለዕረፍት የምትመጡ ቀን ሆቴሉን አንቺ ትመርጪያለሽ፤ እኔም የተባልኩበት ጥግ እቀመጣለሁ።

ቦርሳችሁን ለመጠበቅ የተዘጋጀው አያትሽ፣
ጉልላት

ይህን ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ቀረኝ። መቼም አመል ነውና፣ ከላይ ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዱ ፈጠራ ነው። ወረቀቱን አልበላሁትም። ያኘክሁት ባዶ አፌን ነው። ወረቀቱን በጣቶቼ መሃል ይዤ ቆየሁና ማንም ሳያየኝ ባርኔጣዬ ገበር ውስጥ ሸጎጥኩት። ሦስት ወር በራሴ ላይ ተሸክሜው ዞርኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩበት፣ እድር ሄድኩበት። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ትናንትም ባርኔጣው ጉልበቴ ላይ እያለ ነው ለዚያች ልጅ «በላሁት» ያልኳት፤ ወረቀቱን በእጄ ከማሳየት መሳቂያ መሆን የቀለለኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት ገበሩን ስቀድ ባርኔጣው አብሮ ተቀደደ። ጁወይሪያ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቄ ወረቀቱን ሰጠኋት። ገለጠችው። አነበበችው። ገልብጣ የጀርባውን ሒሳብ አየች፤ የእጅ ጽሑፍሽን ታውቀዋለች።

«ሉሲ ያወጣችውስ?» አለችኝ።

«ስልኳ ሽፋን ውስጥ ነበር፤ ካልጣለችው።»

«ፎቶ ታንሳና ትላክልኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ አምንዎታለሁ።» ወረቀቱን እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። ጥቂት ተራምዳ ዞረች።

«አባባ ጉልላት! ብሎክ አድርጌያት ነበር። አሁን ከፍቼዋለሁ በሏት።»